የኸሩቡ ዛፍ ወደ ጋራዡ ያዘነበለበት ወራት

እሑድ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኸሩቡ አብቧል። የወንዴው አበባ ሽታ መጥፎ ነው። እታገኝ ከላይ ፎቅ በረንዳዋ ላይ ሆና፣ «እትዬ ሰገነት፣ የሆነ ቦታ ድመት ሞቷል፤ ለአከራያችን ይንገሩልን» ብላ ጮኸች። ድመት ሳይሆን ዛፉ ነው ብላት አላመነችኝም። ከዛፉ ጋር ይህን ያህል ዓመት ኖራ አንድም ቀን ቀና ብላ አላየችውም።

ብዕር ያነሣሁት ግን ለሽታው አይደለም። ከግንዱ ሥር፣ እኔ በጡብ ባጠርሁት ክብ ውስጥ፣ ቢጫ ነገር በቅሎ አየሁ። እንደ ጆሮ የተደራረበ፣ ቀለሙ የእንቁላል አስኳል የመሰለ። የእንጉዳይ ወገን ነው። በጃንጥላዬ ጫፍ ነካሁት። ገፋ ሳደርገው ጃንጥላው ወደ ግንዱ ውስጥ ገባ። ደህና ዛፍ ጃንጥላ አያስገባም።

ዛፉ የቆመው በጎን መንገዱ ዳር፣ በእግረኛ መንገዱና በጋራዡ መካከል ነው። ከቅርንጫፎቹ ትልቁ፣ የሰው ወገብ የሚያህለው፣ በጋራዡ ጣሪያ ላይ ተዘርግቷል። ጋራዡ ውስጥ መኪና የለም። ሲሀምና ሕፃኗ ሩመይሳ ናቸው የሚኖሩበት።

ጥቅምት 11

ሀብተሥላሴን ላነጋግረው ፌርፋክስ መንገድ ወዳለው ምግብ ቤቱ ሄድሁ። ቤቱን የሚያከራየን እሱ ነው። ሆሊውድ ፓርኪንግ ይሠራ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ስለማውቀው አንተ እለዋለሁ፤ እሱም አይከፋውም።

ስለ ግንዱ ነገርሁት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ዛፉ የሲቲው ነው፤ ጋራዡ የኔ ነው። ሁለቱን ባያስተዋውቋቸው ደስ ይለኛል።»

«ቅርንጫፉ ሲወድቅ ራሳቸው ይተዋወቃሉ» አልሁት።

ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲቲ ከመጣ ኢንስፔክተር ይመጣል። ኢንስፔክተር ያለ ፈቃድ ሰው የሚኖርበትን ጋራዥ ካየ ልጅቷ ውጪ ናት። ወረቀቷ ደግሞ ፔንዲንግ ነው። እርስዎ ይሄን ይፈልጋሉ?»

አልፈልግም አልሁት። ፔንዲንግ፣ ገና ውሳኔ ያላገኘ፣ የሚለውን ቃል ዘንድሮ ሰው ሁሉ እንደ በሽታ ስም እየፈራ ነው የሚጠራው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ኸሩብን ያወቅሁት ሊባኖስ ተራራ ላይ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። መንግሥት አስተማሪ እንድንሆን ወደ ውጭ ከላከን ልጃገረዶች አንዷ ነበርሁ፤ ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድሩት መነኮሳት ሴቶች ነበሩ። የዕፅዋት አስተማሪያችን መነኩሲቷ ሱር ማርት ዓይናችንን በመሐረብ ታስርና ቅጠል ታስጨብጠናለች። ከባሕሩ እስከ ጫፍ ያለውን ዳገት ያስጠናችን በዛፎቹ ነው። ታች፣ ባሕሩን በሚያየው ድንጋያማ ቁልቁለት፣ ኸሩብና የዱር ወይራ። ከፍ ሲል ባሉጥ፣ ቡጥም የሚሉትም ሙጫማ ዛፍ። ከዚያ ጥድ። ከሁሉ በላይ፣ በረዶ በሚያድርበት፣ ዝግባ። የባሉጡ ቅጠል ጠርዙ ይወጋል፤ ቡጥሙን ያሸ ሰው ጣቱ እስከ ማታ ይሸታል። የኸሩብ ቅጠል ወፍራም ነው፣ እንደ ተለፋ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይበቅላል። ተሳስታ የጠራች ልጅ መዳፏን በማስመሪያ ትመታለች። እኔ ብዙ አልተመታሁም።

ባለቤቴ ጸጋዬና እኔ ይህን ቤት ልናይ ስንመጣ እሱ ኩሽናውን ያያል፣ እኔ ውጭ ቆሜ ዛፉን አያለሁ። ከአገሩ እንዲህ ርቆ፣ በአስፋልትና በሲሚንቶ መካከል ማን እንዳቆመው አላውቅም። «ቤቱን ወደድሽው?» አለኝ። «አላየሁትም» አልሁት። እስኪሞት ድረስ በዚህ ሲስቅብኝ ኖረ።

ሱር ማርት ኸሩብ በጥም አይሞትም ትል ነበር። የሚሞትበትንም ነግራን ነበር። እሱ ነው የጠፋኝ።

ጥቅምት 20

ለሲሀም ነገርኋት። ልጅቷን ታቅፋ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። የደሴ ልጅ ናት፤ ፒኮ ሮበርትሰን ሠፈር አንዲት አሮጊት በደመወዝ ትጠብቃለች፣ ሕፃኗንም ይዛት ነው የምትሄደው። ቀና ብላ ቅርንጫፉን አየችና ፈገግ አለች።

«እትዬ፣ እኔ ከላይ የሚወድቀውን አይደለም የምፈራው። በበር የሚገባውን ነው።»

«ሁለቱንም መፍራት ይቻላል» አልኋት።

«ለሁለቱም ጊዜ የለኝም። ሺፍት አለብኝ።»

ከዚህ ወዲህ ሳልደውልላት እንዳላንኳኳ ለመነችኝ። ባልጠበቀችው ሰዓት በር ከተንኳኳ ወተቷ ይደርቃል። እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍ አላነበብሁም፤ ፊቷን አይቼ ግን አመንሁ።

ጥቅምት 27

ከመኪና ማጠቢያ ሰዎች በኢሚግሬሽን ተወሰዱ ተባለ። የት እንደሆነ እታገኝ በትክክል አታውቅም፤ የነገራትም ሰው አያውቅም። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ሠፈሩ ዝም ብሎ ዋለ። ሲሀም ሥራ አልሄደችም። መጋረጃዋ ላይ ብርድ ልብስ ጨምራለች።

ቢጫው እንጉዳይ ጨምሯል። ሌላ ጆሮ አወጣ።

ቢያንስ አንዱን ፍርሃት ላነሣላት ይገባ ነበር። እንዴት?

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ኤልዳና ከግሌንዴል መጣች። ልጄ ናት፤ ነገር ታሳጥራለች። ስለ ዛፉ ስነግራት ስልኳን አላስቀመጠችም።

«እማ፣ ስሚኝ፣ ይሄ ያንቺ ፕሮብለም አይደለም። ሲቲው አለ፣ ኦውነሩ አለ፣ እሷም ትልቅ ሰው ናት።»

«ሕፃኗስ?»

«ኦኬ፣ ሕፃኗ አይደለችም። ሶ? ቅርንጫፉን በእጅሽ ደግፈሽ ልትቆሚ ነው?»

ቡና ቀዳሁላት። እሷም በሌላ ጀመረች። «የአባዬን ክፍል ግን መቼ ነው ክሊን የምናደርገው? ልብሱ እንኳ እስካሁን አልወጣም እኮ።»

«ምን አስቸኮለሽ? ክፍሉን የሚፈልግ ሰው አለ?»

ስልኳን አስቀመጠችና አየችኝ። ረዥም ጊዜ አየችኝ። ለምን እንዲያ እንዳየችኝ አልገባኝም። ስለ ክፍሉ መነጋገር አልወድም። የጸጋዬ ነው።

ኅዳር 6

ዝናብ ገባ። ጠዋት ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። መንገዱ ሁሉ ውሃውን ወደ ቦዩ ሲለቅ የእኔ የጡብ ክብ ብቻ እንደ ገበቴ ሞልቶ ቆሟል። ግንዱ ውሃ ውስጥ ነው ያለው።

ያን ጊዜ አስታወስሁ። ኸሩብ የሚሞተው አንገቱ፣ ግንዱ ከአፈር የሚወጣበት፣ ሲርስ ነው። ሥሩ ውሃ ፍለጋ ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ አንገቱ ላይ ውሃ ከቆመ ግን ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉ ለምልሞ እያለ።

ጡቡን የደረደርሁት እኔ ነኝ። የተጠመቁበት ጠበል በቧንቧ አይደፋም፣ እግር በማይረግጠው ቦታ ይደፋ ብዬ ለዚህ ቤት ሰው ሁሉ ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ጸጋዬ በታመመበት ዘመን በየማለዳው አጥቤው ሳፋውን እዚያ እደፋለሁ። እታገኝ እግሯን የታጠበችበትን፣ ሌሎቹም የልጆቻቸውን። ክብር እየሰጠን መሰለን። ከደረቅ ድንጋይ የመጣ ዛፍ ያለ ፍላጎቱ ይህን ሁሉ ዓመት ጠጣ።

ይህን ለንስሐ አባቴ እንዴት እላቸዋለሁ? ጠበል ጎዳ ልል ነው? ጠበሉ ምን አደረገ፤ እኔ ነኝ እንጂ።

ጡቡን በዝናብ አነሣሁ። እታገኝ ከላይ አየችኝ።

«ታዲያ ጠበሉን የት ልንደፋ ነው?»

«አላውቅም።»

«ውይ፣ እትዬ ሰገነት አላውቅም አሉ! ዝናቡ ለካ ያለ ነገር አልመጣም።»

ኅዳር 7

ዝናብ። አሁን ነፋስም።

ቅርንጫፉ እንደ ዛገ ማጠፊያ ይጮኻል።

በደንብ የሚታየው ከጸጋዬ ክፍል መስኮት ነው። ወንበር አምጥቼ እዚያ ተቀመጥሁ። አልጋው ላይ አልተቀመጥሁም፤ እንደ ተነጠፈ ነው።

የጋራዡ መብራት በራ። ጠፋ። ሕፃኗ ታለቅሳለች።

ወዴት ይሂዱ? በዚህ ከተማ ለእናትና ለሕፃን የሚሆን ባዶ ቦታ ከየት ይገኛል? ይህን እያሰብሁ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ አንገቴ አልዞር አለ።

ኅዳር 9

ለከተማው ደወልሁ። ዛፍ ታሟል፣ ሊወድቅ ነው አልሁ። ጋራዥ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ሴትዮዋ በትሕትና አነጋገረችኝ፤ የሚያይ ሰው እንልካለን አለች። መቼ እንደሆነ አልነገረችኝም።

ለሲሀም ነገ እነግራታለሁ። ሀብተሥላሴም ይወቅ። ይቆጣል። ይቆጣ።

ኅዳር 11

አልነገርኋትም። ልነግራት ደውዬላት ወጣሁ፤ እሷ ግን ቀድማ የሩመይሳን ድድ ከፍታ አዲሷን ጥርስ አሳየችኝ። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ። ሰዎች ይመጣሉ የሚለውን ቃል በዚያ ሳቅ ላይ ልጥለው አልቻልሁም። ነገ።

ኅዳር 16

ዛሬ መጡ። እኔ መድኃኒት ልገዛ ፌርፋክስ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ሁለት ትልልቅ መኪኖች መንገዱን ዘግተው ቆመዋል። ቆብ ያደረጉ፣ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች። አንዱ ግንዱን በመዶሻ መታ እያደረገ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ሌላው የጋራዡን በር ያንኳኳል። በጡጫው ነበር የሚያንኳኳው።

ልሮጥ ሞከርሁ። ጉልበቴ የታወቀ ነው።

ሰውየው በትሕትና ነገረኝ፦ ውስጡ አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይቆረጣል፣ እስከዚያ ከሥሩ ማንም እንዳያድር። ማንም የሚለውን ሲል ገመዱ ላይ የተሰጣውን የሕፃን ካልሲ አየ። እኔም ማየቱን አየሁ። ምንም ሳይጨምር ቢጫውን የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ዙሪያውን አስሮ ሄደ። እግዚአብሔር ይስጠው።

የጋራዡ በር ገርበብ ብሏል። ምድጃው ላይ ያለው ድስት ገና ይሞቃል። ማንም የለም።

እታገኝ ደረጃውን ወርዳ መጣች። «ሰዎቹ ወደ እርስዎ ዞር ሲሉ ልጅቷን በሻርፕ ጠቅልላ በጓሮ በኩል ወጣች። በነጠላ ጫማ ነው የሮጠችው እትዬ፣ አንዱ ወልቆ ትታዋለች። ኢሚግሬሽን መስለዋታል። እኔም መጀመሪያ መስለውኛል፣ አልጋ ሥር ልገባ ነበር።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ማን ይሆን ግን የጠራቸው?»

ጎንበስ ብዬ ጫማውን አነሣሁ።

ኅዳር 17

ስልኳ ዝግ ነው።

የምትጠብቃቸውን አሮጊት ስም አላውቅም። ሰባት ወር ጎረቤቴ ስትሆን ስማቸውን አልጠየቅኋትም።

ኅዳር 18

ዝግ ነው። ወልቆ የቀረውን ጫማ አጥቤ በሩ አጠገብ አስቀመጥሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ወደቀ።

ከሰዓት በኋላ ነው። ነፋስ እንኳ አልነበረም። መጀመሪያ እንደ ጨርቅ መቀደድ ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ወለሉ በእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ስወጣ ቅርንጫፉ የጋራዡን ጣሪያ ለሁለት ከፍሎታል፤ በግድግዳው ስንጥቅ የሕፃኗ አልጋ ይታያል፣ በላዩ ቅጠል ብቻ።

ዛሬ ተመልሳ ቢሆንስ? ሰዎቹ እንደ ሄዱ ሰምታ፣ እኔ ምሳ ስበላ በጓሮ ገብታ ቢሆንስ? እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። «ሲሀም! ሩመይሳ!» አልሁ። የሚመልስ የለም። ዝም ማለት ደግሞ ልማዷ ነው፤ ስትፈራ ዝም ነው የምትለው።

ሀብተሥላሴ ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ ደረሰ። እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆመ። «ተመስገን፣ ባዶ ነበር» አለ።

«ባዶ እንደነበር በምን አወቅህ?»

ሁለታችንም ቅጠሉን በእጃችን ማንሣት ጀመርን። እሱ ቀጫጭኑን ቅርንጫፍ ገፍቶ ይይዛል፣ እኔ ክንዴን ወደ ውስጥ ሰድጄ እዳብሳለሁ። ብርድ ልብስ። ትራስ። ጡጦ። ጡጦው ሲነካኝ እጄን መልሼ መስደድ አቃተኝ።

«ቆይ እትዬ፣ እኔ ልይ» አለኝ። እያለቀሰ ነበር። ለጋራዡ አልነበረም።

ማንም አልነበረም። ማንም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

በማላውቀው ስልክ ደወለች። ፒኮ ሮበርትሰን ናት፤ አሮጊቷ ቤት። የአሮጊቷ ልጅ ነገ ከነገ ወዲያ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ መቆየት አትችልም። ስለ ጣሪያው ነገርኋት።

«አልጋዋስ?» አለች።

«አልጋዋም።»

ኅዳር 21

ጽዮን ናት ዛሬ፤ ቅዳሴ ግን አልሄድሁም። ኤልዳና በመኪና አደረሰችኝ። ሲሀም ደጅ ወጥታ አነጋገረችኝ፤ ሩመይሳ ሻርፕ ውስጥ ተኝታለች።

ለከተማው የደወልሁት እኔ እንደሆንሁ ነገርኋት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጫማውን ተቀበለችኝ።

«እኔ ቤት ነይ» አልኋት። «ክፍል አለ።»

«የት?»

«በመስኮትሽ ፊት ለፊት ያለው።»

«መጋረጃው የማይከፈተው?» አሰበች። «እዚያ ሰው የሚኖር ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ እንዲያውም በዝናብ መብራት በርቶ አይቻለሁ። ሰው አለ፣ ብቻዬን አይደለሁም ብዬ ተኛሁ።»

ኤልዳና ፊቷን ወደ መኪናው አዞረች።

«ባዶ ነው?» አለች ሲሀም።

«የባለቤቴ ነበር።»

ይህን ሁሉ ጊዜ ባዶ ነበር ወይ አላለችም። ጨዋ ልጅ ናት። የጠየቀችኝ ሌላ ነው። «በሩ ከውስጥ ይቆለፋል?»

አይቆለፍም። ጸጋዬ ሲታመም ቢወድቅብኝ እንድገባ ብዬ ቁልፉን ያስነቀልሁት እኔ ነኝ።

ኅዳር 27

ቁልፍ ተገጠመ። ሀብተሥላሴ ራሱ መሰርሰሪያውን ይዞ መጣ።

የጸጋዬን ልብስ ኤልዳና ወሰደች። ቅዱሳት ሥዕሎቹን ከግድግዳው ላይ አውርጄ ወደ እኔ ክፍል አዛወርሁ፤ ሲሀም ሳትጠይቀኝ። ለስግደት ፊቷን የምታዞርበትን ራሷ በስልኳ ፈልጋ አገኘች፤ በልብስ ሳጥኑ በኩል ነው። ሳጥኑን ገፋንላት።

ዛፉን ቆርጠው ጨረሱ። ጉቶው መሐሉ ባዶ ነው፤ ልጅ ያስቀምጣል። ያልገመትሁት ነገር መጣ፦ ቅጠሉ ሲነሣ መስኮቱ ለመንገዱ ተጋለጠ። የሚያልፍ መኪና ሁሉ ወደ ውስጥ ያያል። ወፍራም መጋረጃ ሰቀልሁ፤ በላዩም ብርድ ልብስ።

አሁን እኔም መኪና ቆም ሲል እሰማለሁ። በፊት አልሰማም ነበር።

ታኅሣሥ 10

ዛሬ ከምሳ በፊት በር ተንኳኳ። ማንም አልደወለም ነበር።

ሲሀም ኩሽና ነበረች። ሕፃኗን አነሣች፣ ወደ ክፍሉ ገባች፣ ቁልፉ ዞረ። እኔ ነጠላዬን አስተካከልሁና ከፈትሁ።

አንድ ወጣት ነው፣ ታብሌት የያዘ። ከከተማው ነው የመጣሁት አለ። በተቆረጠው ፈንታ ሌላ ዛፍ ሊተከል ነው፤ የዚህ አገር ባሉጥ ነው፣ ጠንካራ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ውሃ የሚያጠጣው ሰው ያስፈልጋል። ከግንዱ ራቅ አድርጎ፣ ብዙ ሳያበዛ። አውቃለሁ አልሁት።

«በዚህ ቤት ስንት ሰው ነው የሚኖረው?» አለኝ። ጣቱ ታብሌቱ ላይ ነበር።

«ብቻዬን ነኝ።»

እንዲህ ባልሁበት ቅጽበት ሩመይሳ ከውስጥ ሳቀች። ጥርስ ካወጣች ወዲህ ሳቋ ቤቱን ይሞላዋል።

ወጣቱ ቀና አለ።

«ቴሌቪዥን ነው» አልሁት።

ቴሌቪዥን የለኝም። በሩ ላይ ለቆመ ሰው ሳሎኑ በሙሉ ይታያል፦ ሁለት ወንበር፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ የጸጋዬ ፎቶግራፍ። ሳሎኑን አየ። እኔን አየ። ፈገግ ብሎ እንደሆነ አላውቅም፤ መነጽሬን አላደረግሁም ነበር። የሆነ ነገር ጻፈ፣ አመሰገነኝ፣ ሄደ።

ምን እንደ ጻፈ አላየሁም። ከሰዓቱን ሁሉ የጣቱን አካሄድ ሳስታውስ ዋልሁ። አጭር ነገር ነው የጻፈው። አንድ ቁጥር ሊሆን ይችላል። የትኛው ቁጥር?

ሲሀም እስኪመሽ በሩን አልከፈተችም። ሄዷል፣ የዛፍ ሰው ነው ልላት እስከ ክፍሉ ሄጄ እጄን አነሣሁ። መልሼ አወረድሁት። ምግባቸውን በሳህን አድርጌ በሩ ሥር አስቀመጥሁና ወደ መኝታዬ ሄድሁ። አላንኳኳሁም።